ቀለበቷን ሸጣችሁት እንዴ?

ሰበታ፣ እናቴ ቤት፣ ጓዳው ጥግ ላይ አንድ ባለ ሦስት እግር ብረት ቆሟል። ሰፌድና ወንፊት ይንጠለጠሉበታል። ጠጋ ብሎ ላየው አንዱ እግሩ ከሁለቱ በስንዝር ያጠረ ነው፤ በመጋዝ ተቆርጧል። ባለፈው ፋሲካ የእህቴ ልጅ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የቴሌስኮፕ እግር ነው።»

«ቴሌስኮፑስ?»

«ተሸጠ።»

«ለምን?»

«ሌላ ልንገዛበት።»

«ሌላውስ?» ሲል እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ሳቀች። ልጁ ሳያውቀው የአሥራ አምስት ዓመት ታሪኬን በአራት ጥያቄ ጨርሶት ነበር።

መጀመሪያ ላይ ምንም ዕቃ አልነበረንም። መጋቢት 1989 ዓ.ም. ሄል ቦፕ የተባለው ጅራታም ኮከብ ከወጨጫ ተራራ ትከሻ በላይ ሲታይ የሰበታ ሰው ሁሉ ከራት በፊት ደጅ ወጥቶ አይቶታል። የሰፈራችን አሮጊቶች «ጅራታም ኮከብ ከወጣ ጦር አለ» እያሉ አማተቡ። በዓመቱ ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጫር «አላልናችሁም?» አሉ። እኔን የያዘኝ ግን ጦሩ ሳይሆን ጭራው ነው። ያን ጭራ ለማየት ማንም አምስት ሳንቲም አላወጣም። ይህን የምለው በኋላ ያወጣሁትን ስለማውቅ ነው።

ኮሌጅ ስገባ ሁለት ቢጤዎቼን አገኘሁ። አንዱ የቡራዩ ልጅ ነው። ኬላው አካባቢ በነበረች የአባቱ ሱቅ ሬዲዮና ቴፕ እየጠገነ ያደገ፣ እጁ የገባ ዕቃ ሳይፈታ የማያድር። ሌላው የሱሉልታ ልጅ ነው። ቤተሰቦቹ ላም አርብተው ወተት ለአዲስ አበባ ያቀርባሉ። እሱ ንግግር አያበዛም፤ ከኦጋዴን ጦርነት የተመለሰው አባቱ ያወረሰውን ሩሲያ ሠራሽ የጦር መነጽር ግን ከአንገቱ አያወርድም። መነጽሩ ስምንት ጊዜ ያቀርባል። እናቱ የንጋቱን ኮከብ «ባካልቻ» እያሉ ሲያሳዩት ነው ያደገው፤ ከኛ ይልቅ ሰማዩን በስሙ የሚጠራው እሱ ነበር።

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ይክበቡ እንጂ እርስ በርስ አይጎራበቱም። ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ በአየር ጤና በኩል ወደ ከተማው መግባት፣ መርካቶን ማቋረጥ፣ ከአዲሱ ገበያ ደግሞ ሌላ ታክሲ ይዞ እንጦጦን መሻገር ነው። ግማሽ ቀን ይበላል። ያን ጊዜ ግን ግማሽ ቀን ነበረን።

ነሐሴ 1995 ማርስ በ60 ሺህ ዓመት ውስጥ ያልታየ ቅርበት ላይ ደረሰች ተባለ፤ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ። ነሐሴ መሆኑን አስተውሉ። መላው ዓለም አንገቱን አቅንቶ ሲያይ እኛ ዣንጥላ ይዘን ደመና እናያለን። በዚያው ሰሞን የቡራዩው ጓደኛችን ምናለሽ ተራ የሬዲዮ ዕቃ ፍለጋ ሄዶ አንድ ነጭ ቱቦ አየ። ሻጩ «የመርከብ መነጽር ነው» አለው። ሦስታችን አዋጥተን ገዛናት። ካርቶኗ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል ተጽፏል።

ውሸት ነው። ቴሌስኮፕ የሚለካው በአፉ ስፋት ነው፤ የእሷ አፍ 60 ሚሊ ሜትር ነበር። ልምዱ እንደሚለው በሚሊ ሜትር የተለካውን አፍ በሁለት ብታባዙ የምትችለውን የማጉላት ጣሪያ ታገኛላችሁ፤ ለእሷ 120 መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ይተልቃል እንጂ አይጠራም፤ ወጥ ላይ ውሃ እንደ መጨመር ነው። እኔ ፊዚክስ አስተማሪ ስለነበርኩ ይህን አውቃለሁ። ማወቄ ግን በኋላ ከመጣው በሽታ አላዳነኝም።

ትንሿ እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ትዞር ነበር። አንድ ወር ሰበታ፣ አንድ ወር ቡራዩ፣ አንድ ወር ሱሉልታ። የሌንስ ክዳኗ በመጣች በሳምንቱ ጠፍቶ በቫዝሊን ክዳን ተተካ። አንገቷ ስለላላ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ ተጠቀለለባት። በእሷ የጨረቃን ጉድጓዶች ቆጠርን። ጋሊሊዮ በ1600ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ያያቸውን አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች በየማታው ቦታ ሲለዋወጡ ደብተር ላይ ሣልን። የሱ መሣሪያ ከኛዋ ያነሰ አፍ እንደነበረው ሳውቅ በጣም ኮርቼ ነበር።

ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. ቬነስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ ተረኛው ቡራዩ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ከዚያ በፊት የታየው ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ፀሐይን በቴሌስኮፕ በቀጥታ ማየት ዓይን ያጠፋልና ብርሃኑን በቱቦው አሳልፈን ነጭ ወረቀት ላይ አሳረፍነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ጀምሮ ሽንብራ የምታህል ክብ ጥላ ወደ ፀሐዩ ጠርዝ ገባች። ደመናው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሊስትሮው ሳጥኑን ትቶ መጣ፤ ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ ቆሙ፤ ሬዲዮ ሊያስጠግን የመጣ ሽማግሌ ወረቀቱን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ «ቆሻሻ አይደለም?» አለ። ያን ቀን ማንም ከዚህ የተሻለ ዕቃ ቢኖረን አላለም። እኔም አላሰብኩም።

ሐሳቡን የጫረችው እናቴ ናት። ከዚያ በፊት፣ ታኅሣሥ 1996 መጨረሻ፣ ሳተርን ከወትሮው ደምቃ ቀለበቷንም ከፍታ በምትታይበት ሰሞን ከብርድ አስወጥቼ አሳይቻት ነበር። በ60 ሚሊ ሜትር ሳተርን የሰሊጥ ፍሬ ታህላለች፤ ቀለበቷ ግን ቁልጭ ብሎ ይለያል። እኔ የመጀመሪያ ቀን እንባ ተናንቆኛል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «ይቺን ለማየት ነው እንቅልፍ የምታጡት?» አለች። «ቀለበቷስ?» ብላት «አየሁት፤ ግን ትንሽ ናት» ብላ ገባች።

ያች «ትንሽ ናት» ብዙ ብር አስወጣችኝ።

በ1998 ትንሿን ከአስኮ ለመጣ አንድ ወጣት ሸጥናት። ስሙን እንኳ አልያዝንም። በዚያ ላይ ዕቁብ ጨምረን አፏ 114 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ መስተዋት ቴሌስኮፕ አሜሪካ በምትኖር የአክስቴ ልጅ በኩል አስመጣን። 46 ኪሎ ከሚፈቀድላት ሻንጣ ግማሹን በልቶባታል። ስትመለስ ያው ካርቶን በርበሬና ሽሮ ሞልቶ ሄደ፤ ሒሳቡ ተዘጋ ብለን አሰብን። ወደ ሱሉልታ ልወስደው ታክሲ ስገባ ወያላው «መድፍ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። ከምርጫ 97 ግርግር ማግስት ነውና ተሳፋሪው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። የሁለት ሰው ሒሳብ ከፍዬ አቅፌው ሄድኩ።

መሣሪያው የሰማዩን ዙረት ተከትሎ የሚዞር መቆሚያ ነበረው። ሥራው እንዲህ ነው፦ አንዱ ዘንግ በትክክል ወደ ሰሜን ኮከብ ካነጣጠረ፣ አንድ እጀታ ብቻ በማዞር ኮከብን ሌሊቱን ሙሉ መከተል ይቻላል። መምሪያው ላይ ያሉት ሥዕሎች የተሣሉት ግን የሰሜን ኮከብ ከፍ ብሎ ለሚታያቸው ለፈረንጆች ነው። እኛ ዘንድ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው። እጃችሁን ዘርግታችሁ ጭብጥ ብታደርጉ ከጭብጣችሁ አናት አያልፍም። ዘንጉን ወደዚያ ዝቅ ብናደርገው 20 ዲግሪ ገደማ ላይ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ። በዚያ ላይ የሚዛኑ ብረት ሲዞር እግሩን ይመታል። የቡራዩው ልጅ ለሁለት ቀን ዞረው፣ አጎንብሶ አየው፣ በሦስተኛው ቀን መጋዝ ይዞ መጣና የሰሜኑን እግር ቆረጠው። ዘንጉ ዝቅ አለ። መሣሪያው ደግሞ ወደ ሰሜን ሊወድቅ አኮበኮበ። ድንጋይ የሞላ ማዳበሪያ በደቡብ በኩል አንጠለጠልንበትና ቆመ። እናቴ ጓዳ ያለው ብረት ይሄ ነው። ኋላ ስንሸጠው ገዢው «እግሩ አንካሳ ነው፣ አልፈልገውም» ብሎ ጥሎት የሄደው።

ከሰበታ ግን የሰሜን ኮከብ ያለበት አቅጣጫ በወጨጫና በጎረቤት ባሕር ዛፍ የተያዘ ነው። ቡራዩ ደግሞ ከገፈርሳ ውሃ የሚነሳው ጭጋግ መስተዋቱን ከእኩለ ሌሊት በፊት ያርሰዋል። ጽዋው መዞሩን ያቆመውና ሱሉልታ የቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የሱሉልታ መስክ ወደ ሰሜን ክፍት ነው። በስተደቡብ እንጦጦ የአዲስ አበባን መብራት ከጀርባው ይጋርዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል፤ እኛ ጋቢ ላይ ጋቢ ደርበን፣ ካቲካላ ቀማምሰን፣ ፍኖተ ሐሊብ ከአድማስ እስከ አድማስ ተዘርግቶ እናያለን። አንድሮሜዳ የምትባለውን፣ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የብርሃን ዓመት የምትርቀውን የከዋክብት ጭፍራ፣ በባዶ ዓይን «ያውት» ተባብለን በጣት እንጠቋቆማለን። በየካቲት ንጋት ወይም በሚያዝያ ማምሻ ፊታችንን ስናዞር የደቡብ መስቀል ከእንጦጦ ጀርባ ብቅ ይላል። የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን ከአንድ መስክ ማየት አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ቢከፍልም የማያገኘው ነገር ነው። ዕቃ እያማረን ይህን ነው የዘነጋነው።

የሱሉልታው ልጅ ለዕቁቡ ይከፍል ነበር እንጂ ለራሱ ምንም አልገዛም። አንዴ ስለ መስተዋት ስፋት ስንከራከር ሰምቶ ሰምቶ «የቦረና አያንቱዎች ምን ያህል አፍ ነበራቸው?» አለን። አያንቱዎች ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን እየተከተሉ ወርና ቀን የሚቆጥሩ የቦረና ሊቃውንት ናቸው፤ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ስለ ገዳ ሥርዓት በጻፉት መጽሐፍ ተገልጿል። መሣሪያቸው ዓይንና ትዝታ ነው። ዝም አልነው። በሚቀጥለው ወር 20 ሴንቲ ሜትር መስተዋት አዘዝን።

ይህኛው ዓይነት የራሱ ታሪክ አለው። ጆን ዶብሰን የሚባል አሜሪካዊ ገዳም ውስጥ ሆኖ ከመርከብ መስኮት ጠርሙስ መስተዋት ይስል ነበር። ኋላ ከገዳሙ ወጥቶ በሳን ፍራንሲስኮ መንገድ ዳር ትልልቅ ቴሌስኮፖቹን አቁሞ አላፊ አግዳሚውን «ና እይ» ይል ጀመር። የሱ ዘዴ ውድ መቆሚያ የለውም፤ እንደ መድፍ ሠረገላ ያለ የእንጨት ሳጥን ነው። እኛም መስተዋቱን ብቻ አስመጥተን ሳጥኑን ከኮምፔርሳቶ፣ ቱቦውን ከላሜራ አሠራን። ወያላው ያን ጊዜ ቢያየው መድፍ ማለቱ ልክ ነበር። ከትንሿ 11 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። 114ቱ ለዚሁ ተሸጠ።

የካቲት 2001 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ሰበታ አምጥተን፣ ግቢው ውስጥ አቁመን፣ ሳተርን ላይ አነጣጠርንና እናቴን ጠራኋት። አምስት ዓመት ሙሉ የጠበቅኩት ማታ ነው። በርጩማ ላይ ቆማ አየች። እንደ ድሮው ዝም አለች። ከዚያ ቀና ብላ ተራ በተራ አየችን።

«ቀለበቷን ሸጣችሁት እንዴ?»

ዓይኔን ሰደድኩ። ሳተርን ትልቅና ቢጫ ሆና ተቀምጣለች፤ ቀለበቱ ባለበት አንድ ክር የመሰለ መስመር ብቻ በመሐሏ አልፏል። አስተማሪ ነኝ ባይ ማስላት ነበረብኝ። ሳተርን ፀሐይን ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ገደማ ይፈጅባታል፤ በዚያ ጉዞ ሁለት ጊዜ ቀለበቷ ከጎን ስለሚታይ የጠፋ ይመስላል። በትንሿ ባየናት ጊዜ ከመጨረሻው ስፋቱ ብዙ አልራቀም ነበር፤ በትልቁ ባየናት ጊዜ ሊከደን ወራት ቀርተውታል። ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። «እሺ» አለች፤ ደግማ አየችና «ደግሞ ትንቀጠቀጣለች» አለች። እሱም እውነት ነው። ማጉላት ሲበዛ የአየሩም መንቀጥቀጥ አብሮ ይጎላል። የቡራዩው ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ይስቃል፤ እኔ ያን ሌሊት አልሳቅኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር ባልናገር ይሻላል። «ዓይኒቱ» የምንላትን፣ ዓይን የሚጠጋባትን ትንሽ ሌንስ ብቻ ስድስት ጊዜ ቀይረናል። ማጣሪያ፣ ማነጣጠሪያ፣ መስተዋት ማስተካከያ ጨረር፣ ቀይ ባትሪ። በ2006 ደግሞ ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ፣ በባትሪ የሚዞር መቆሚያ። ከተማ ምረጥ ይላል፤ ሱሉልታ ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች አዲስ አበባ እንላለን። ቁልፍ ይጫናል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ «ደርሻለሁ» ይላል። ቀድሞ አንድ ጭፍራ ፍለጋ ከኮከብ ወደ ኮከብ እየዘለልን አንድ ሰዓት እንፈጅ ነበር። ያን አንድ ሰዓት ያተረፍን መስሎን ነበር፤ ለካ የምንመጣው ለእሱ ኖሯል። የጎደለን ሁሌ አንድ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱ ሲመጣ ሌላ አንድ ይጎድላል።

ዕቃው ሲያድግ ሰማዩ ግን ከሥሩ እየተሸረሸረ ነበር። ሱሉልታ መስክ ላይ ቪላ፣ ሆቴል፣ የውሃ ማሸጊያ ፋብሪካ በቀለ። ሰበታ ፋብሪካዎቿ በዝተው የጅቡቲው ባቡርም መነሻ ሆነች። ቡራዩ ከአስኮ ጋር ተጋጥማ ድንበሯ ጠፋ። እያንዳንዱ የየራሱን አምፖል ይዞ መጣ። በ2010 ከዚያው መስክ፣ በ20 ሴንቲ ሜትሩ መስተዋት ያየናት አንድሮሜዳ በ1996 በጦር መነጽር ካየናት ፈዝዛ ነበር። አምፖሉ የወሰደብንን በገንዘብ መልሰን ለመግዛት ስንሯሯጥ ነበር ማለት ነው፤ ሁልጊዜም አምፖሉ ይቀድመናል። መብራት ይጥፋ አልልም። የሱሉልታው ጓደኛዬ በኩራዝ አጥንቶ ነው ኮሌጅ የገባው፤ ልጆቹ በኩራዝ እንዲያጠኑ የሚመኝ የለም። ግን በ2011 የመብራት ፈረቃ ሲመጣ፣ አገሩ ሁሉ ሲማረር እኛ በየተራ ስልክ ተደዋውለን «ዛሬ የማን ፈረቃ ነው?» ስንባባል በድብቅ ደስ ብሎናል። ኃጢአት ከሆነ ይቅር ይበለን።

ይህ ሩጫ የኛ ብቻም አልነበረም። በ1996 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የጠነሰሰው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2007 ሥራ ጀመረ። 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር አፍ ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች። ከሱሉልታ መንገድ ሽቅብ እያየሁ የትንሿን 60 ሚሊ ሜትር አሰላሁ፤ 278 እጥፍ ገደማ ብርሃን። የአዲስ አበባ ብርሃን ግን እዚያም ይደርሳልና ለትልቅ መሣሪያ የላሊበላ ተራሮች ይጠኑ ጀመር።

የቡራዩው ጓደኛችን አሁን አሜሪካ ነው። በቪዲዮ ደውሎ አዲሱን ያሳየኛል፦ ዓይን የሚጠጋበት ቀዳዳ የሌለው፣ በስልክ የሚታዘዝ፣ ፎቶውን ራሱ ደራርቦ አጥርቶ የሚልክ። እሱ ሶፋ ላይ ነው፣ ቴሌስኮፑ በረንዳ ላይ። ፎቶዎቹ እኛ በሕይወታችን ካየነው ሁሉ ይበልጣሉ። «አየኸው?» ስለው «ፎቶውን?» ይለኛል።

ታኅሣሥ 2012፣ የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት በመጠቀችበት ሳምንት፣ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ ከሰጠው የስም ድርሻ ኢትዮጵያ የሰየመችው ኮከብ ስም ይፋ ሆነ። ኮከቡ ቡና፣ የምትዞረው ፕላኔት አቦል። 200 የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ወሬውን ሰምቼ ለየትኛው መሣሪያ እንደምበደር ማሰብ ስጀምር ከሱሉልታ ስልክ ተደወለ። «አየሁት» አለኝ።

«በምን?»

«በአባቴ መነጽር።»

እውነት ነው፤ ቡና ከባዶ ዓይን አቅም ትንሽ ነው የሚያልፈው። ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፊታችሁን ወደ ሰሜን አድርጉና ከአናታችሁ ዝቅ ብላችሁ በአንድሮሜዳና በፐርሲየስ ወሰን ላይ ፈልጉ። ጥቂት ከዋክብት እንደ ተበተነ ጥራጥሬ የተሰበሰቡበት ቦታ አለ፤ ቡና ከእነሱ ጎን፣ ጨረቃን ሁለት ጊዜ ደርድራችሁ ብትለኩ እዚያ ነው። አቦልን ግን በእኛ አቅም የሚያሳይ መሣሪያ የለም።

ትልቁን ባለፈው ዓመት ለአንድ ትምህርት ቤት ሰጠነው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። በ1998 ቡራዩ ላይ ከእኛ የተሸጠች፣ ነጭ፣ 60 ሚሊ ሜትር አፍ ያላት፣ አንገቷ ላይ ጥቁር የኤሌክትሪክ ቴፕ የተጠቀለለባት፣ የቫዝሊን ክዳን ያላት ቴሌስኮፕ በአስኮም ሆነ በሌላ ሰፈር ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። እገዛታለሁ። ዋጋውን እናንተ ቁረጡ።